በንግድ ሕንፃዎች የውኃ መፍሰስን በአውቶማቲክ መንገድ መለየት፦ ሴንሰሩ የት ይቀመጥ?

በአዲስ አበባ ባለ ብዙ ፎቅ የንግድ ሕንፃ ውስጥ ቧንቧ ማፍሰሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የሁለተኛው ፎቅ ልብስ መደብር ኮርኒስ ያብጣል፤ የምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ያለ ዝናብ ይረጥባል፤ ወይም በወሩ መጨረሻ የመጣው ቢል የሕንፃውን አስተዳዳሪ ያስደነግጣል። ሦስቱም ዘግይተው የሚደርሱ መልእክተኞች ናቸው። ስለዚህ የውኃ መፍሰስን በሴንሰር ቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት፣ በተለይም በየዓመቱ በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚቀርቡት የመመረቂያ ሥራዎች፣ ተገቢ ጥረት ነው። ሆኖም የብዙዎቹ መነሻ ከሌላ አገር ሕንፃ የተወሰደ ነው። እነዚህ ሥራዎች «በመግቢያው ቆጣሪ በኩል ስንት ውኃ አለፈ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለአዲስ አበባ ሕንፃ የሚበጀው ጥያቄ ግን «ከጣሪያው ታንከር ስንት ውኃ ጎደለ?» የሚለው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የሴንሰሩን ዓይነት፣ የመለኪያውን ሰዓትና የማንቂያውን ተቀባይ ግን ሁሉ ይለውጣል።

በውጭ አገር የተለመደው አሠራር ምን እንደሚመስል ለማየት ብሪያም የተባለውን የብሪታንያ የሕንፃ ዘላቂነት መመዘኛ መውሰድ ይበቃል። መመዘኛው የውኃ መፍሰስን የሚለይ ሥርዓት ለገጠመ ሕንፃ ነጥብ ይሰጣል። ሥርዓቱ ያልተለመደ ከፍተኛ ፍሰት ሲኖር እንዲደውል፣ የተለያየ የፍሰት መጠንን እንዲለይ፣ እንዲሁም ብዙ ውኃ የሚወስዱ መሣሪያዎች በመደበኛ ሥራቸው ላይ ሳሉ በሐሰት እንዳይደውል ይጠይቃል። ከዚህም በተጨማሪ ሰው በሌለበት ጊዜ የእያንዳንዱን መጸዳጃ ክፍል ውኃ የሚዘጋ መሣሪያ እንዲኖር ያበረታታል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ቀላል ነው። ሌሊት ሕንፃው ባዶ ነው፤ ባዶ ሕንፃ ውኃ አይጠቀምም፤ ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቆጣሪው ቢዞር የሆነ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው። የውኃ መሐንዲሶች «ዝቅተኛው የሌሊት ፍሰት» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሐሳቡ ግን በአንድ ሁኔታ ላይ ተመሥርቷል፤ ይኸውም የከተማው መስመር ሃያ አራት ሰዓት ግፊት ያለው መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ ይህ ሁኔታ የላትም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውኃ ለከተማዋ ፍላጎት ስለማይበቃ ሥርጭቱ በፈረቃ ነው። የሕንፃ ባለቤቶችም ለፈረቃው መልስ አበጅተዋል። ምድር ቤት ውስጥ የኮንክሪት ማጠራቀሚያ፣ ከእሱ ውኃ የሚስብ ፓምፕ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ በተለምዶ ሮቶ የሚባሉት የፕላስቲክ ታንከሮች ተደርድረው ይታያሉ። ውኃ ከመስመሩ ወደ ማጠራቀሚያው፣ ከማጠራቀሚያው ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያው በስበት ወደ ፎቆቹ ይወርዳል። በዚህ አደራደር ውስጥ የመግቢያ ቆጣሪው የሚለካው የሕንፃውን አጠቃቀም አይደለም፤ የማጠራቀሚያውን አሞላል ብቻ ነው። ፈረቃው ሌሊት ከደረሰ ቆጣሪው በሙሉ ኃይሉ የሚዞረው ያን ጊዜ ነው፤ በለንደን ስሌት ይህ ሕንፃ ጎርፍ ላይ ነው። ፈረቃው በማይደርስበት ሌሊት ደግሞ አምስተኛው ፎቅ ላይ የፈነዳ ቧንቧ ቢኖር እንኳ ቆጣሪው ዝም ይላል፤ የሚፈሰው ከጣሪያው ታንከር ነውና።

ቆጣሪው ሌላም ድክመት አለበት። ሜካኒካዊ ቆጣሪ መዞር የሚጀምረው ፍሰቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ውኃ ሳይቆጠር ያልፋል። በታንከር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ደግሞ ታንከሩ ሊሞላ ሲቃረብ መግቢያውን ቀስ በቀስ ስለሚያጠብበው፣ አነስተኛ ማፍሰስ የሚተካው በጣም ቀጭን በሆነ ፍሰት ነው። የጣሪያ ታንከር በተለመደባት በማልታ ይህ ክስተት በጥናት ተለክቶ ቆጣሪዎች ከእውነቱ በታች እንዲያነቡ ምክንያት መሆኑ ታውቋል። ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ ፈረቃው ሲጀምር ባዶውን መስመር ሞልቶ የነበረው አየር በቆጣሪው በኩል እየተገፋ ሲወጣ ቆጣሪው ያለ ውኃ ይዞራል። ይህን በገዛ ቤቱ ቆሞ ያየ የከተማው ነዋሪ ጥቂት አይደለም። ያለ ውኃ የሚዞርና ከውኃ ጋር የማይዞር መሣሪያ ለማንቂያ ደወል መሠረት ሊሆን አይችልም።

የድምፅ ዘዴስ? የሚያፈስ ቧንቧ የሚያሰማውን ስውር ድምፅ አዳምጦ ቦታውን መለየት የቆየ ጥበብ ነው። ድምፁ የሚወለደው ግን በግፊት ነው፤ ውኃ በሌለው መስመር ውስጥ ቀዳዳው ዝም ይላል። በዚያ ላይ በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች የብረቱን ቧንቧ የተካው ፕላስቲክ ድምፅን በፍጥነት ያፍናል። ዘዴው ለከተማው ዋና መስመሮች እንጂ ለሕንፃ ውስጥ ቧንቧ ብዙ ተስፋ አይሰጥም፤ እዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም።

የመመረቂያ ሥራዎችን በቀጥታ የሚነካው ነጥብ ቀጥሎ ያለው ነው። በተማሪዎች ፕሮጀክት ውስጥ በብዛት የሚገኘው የፍሰት ሴንሰር ዋይኤፍ-ኤስ201 የተባለው ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ነው። ርካሽ ነው፤ ከአርዱዊኖ ጋር በሦስት ሽቦ ይገናኛል፤ በጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ያምራል። አምራቹ የሚገልጸው የሥራ ወሰን ግን በደቂቃ ከ1 እስከ 30 ሊትር ነው። ከ1 ሊትር በታች ያለው ፍሰት ለእሱ የለም። በደቂቃ 0.9 ሊትር የሚያፈስ አንድ የመጸዳጃ ውኃ ሳጥን በቀን 1,296 ሊትር ያባክናል፤ ይህም በሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር ወደ 65 ጀሪካን ነው። ሴንሰሩ ከ65ቱ አንዱንም ላያይ ይችላል። ቧንቧውን በመጋዝ ቆርጦ የሚደረገው ሙከራ ሁልጊዜ የሚሳካው ለዚህ ነው፤ የተቆረጠ ቧንቧ በደቂቃ ብዙ ሊትር ያፈስሳል። የንግድ ሕንፃን ውኃ በብዛት የሚበላው ግን የተቆረጠው ቧንቧ አይደለም። የተቆረጠው ቧንቧ ጮኾ ይታወቃል፤ የሚበላው ያረጀ ጎማ፣ የማይገጥም ተንሳፋፊ ኳስና ሌሊቱን ሙሉ ሳህኑ ላይ እንደ ክር እየወረደ ማንም የማያየው ውኃ ነው።

ታንከሩን መለካት ይህን ችግር በአብዛኛው ይፈታል። አንድ ሕንፃ 10,000 ሊትር የሚይዙ ታንከሮች ጣሪያው ላይ አሉት፤ የታንከሮቹ የወለል ስፋትም በድምሩ 5 ካሬ ሜትር ነው እንበል። የውኃው ከፍታ በ1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል 50 ሊትር ጎደለ ማለት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ፓምፑ እንዳይሠራ ቢደረግ ታንከሩ ምንም የማይገባበት ዕቃ ይሆናል። በእነዚያ አምስት ሰዓታት የ1 ሳንቲ ሜትር መውረድ በሰዓት 10 ሊትር፣ በደቂቃ ደግሞ ከ0.2 ሊትር ያነሰ ፍሰት ነው። ከላይ ከተጠቀሰው የፍሰት ሴንሰር ዝቅተኛ ወሰን በስድስት እጥፍ የረቀቀ ልኬት ነው ማለት ነው። ይህን የሚሰጠው የመሣሪያው ብልጫ ሳይሆን ጊዜው ነው፤ ታንከሩ የእያንዳንዱን ጠብታ ሒሳብ እስከ ንጋት ያጠራቅማል። ፈረቃው ሌሊት ቢመጣም ልኬቱ አይታወክም፤ የሚሞላው የምድር ቤቱ ማጠራቀሚያ ነው፤ በእሱና በጣሪያው መካከል ደግሞ የቆመ ፓምፕ አለ። በውጭ አገር የተጻፉ ጥናቶች እንደ እንቅፋት የሚያዩት የጣሪያ ታንከር እዚህ ላይ የመለኪያ ዕቃ ሆኖ ይገኛል።

ዘዴው የራሱ ወጥመዶች እንዳሉት መሸሸግ አይገባም። የውኃውን ከፍታ በድምፅ ሞገድ የሚለካ ሴንሰር ርቀቱን የሚያሰላው ከድምፅ ፍጥነት ነው፤ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ሴንሰሩ ከውኃው 1 ሜትር ርቆ ቢቀመጥና በታንከሩ ውስጥ ያለው አየር ከምሽት እስከ ንጋት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢቀዘቅዝ፣ ስሌቱ ካልታረመ ውኃው ወደ 1.8 ሳንቲ ሜትር የወረደ መስሎ ይነበባል። በሌላ አነጋገር የኅዳር ብርድ ብቻውን 90 ሊትር የሚያህል የሌለ ማፍሰስ ይፈጥራል። የአዲስ አበባን ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ይህ የመጽሐፍ ላይ ስጋት አይደለም። መፍትሔው ግን ውድ አይደለም፤ የሙቀት ሴንሰር ጨምሮ ስሌቱን ማረም፣ ወይም ከታንከሩ ሥር የውኃውን ግፊት መለካት ይቻላል። ሁለተኛው ወጥመድ የማይተኙ ሕንፃዎች ናቸው። አራተኛው ፎቅ ላይ ክሊኒክ፣ ከበላዩ ሆቴል ያለበት ሕንፃ ሌሊትም ውኃ ይጠቀማል። በእንዲህ ያለ ቦታ ዜሮ መውረድ አይጠበቅም፤ የሕንፃው የራሱ የሳምንታት ልማድ ተመዝግቦ የሌሊቱ መውረድ ከዚያ ጋር ይነጻጸራል። ጥራቱ ይቀንሳል፤ ከምንም ግን ይሻላል። ከታንከሩ በላይ ያለው የትርፍ ውኃ መውጫ ቱቦም መዘንጋት የለበትም። የፓምፑ ማቆሚያ ሲበላሽ ውኃው በዚያ ቱቦ ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያውም ወደ ዝናብ ውኃ መውረጃው ስለሚሄድ ማንም አያየውም። ቱቦው ውስጥ የሚገቡ ሁለት የተራቆቱ ሽቦዎች እርጥበት ሲያገናኛቸው ቢደውሉ ይበቃል፤ በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ሁሉ በወጪው ትንሹ፣ ምናልባትም በጥቅሙ ትልቁ ሴንሰር ይኸው ነው።

ከተማዋ የፈጠረችው አንድ ልዩ የማፍሰስ ዓይነትም አለ፤ በውጭ አገር ጥናቶች ውስጥ ስም የለውም። ውኃ በጠፋበት ቀን ሠራተኛው ቧንቧውን ይከፍታል፤ ምንም አይወጣም፤ ከፍቶት ይሄዳል። ማታ ቦቴ መጥቶ ማጠራቀሚያውን ይሞላል፤ ፓምፑ ይነሣል፤ የተከፈተው ቧንቧ መውረድ ይጀምራል፤ የእጅ መታጠቢያው መውረጃ ከተደፈነ ደግሞ የታችኛው ፎቅ ባለ ሱቅ ጠዋት ዕቃውን ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ቧንቧው ጤነኛ ነው፤ ያጠፋው የፈረቃው ሥርዓት ያስተማረው የእጅ ልማድ ነው። ጥሩ ሥርዓት ይህን ለብቻው መለየት ይችላል፤ ፓምፑ በተነሣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚጀምር፣ የማይለዋወጥና ከፍ ያለ ፍሰት ስለሆነ መልኩ ከሚያረጅ ጎማ ማፍሰስ ጋር አይመሳሰልም። ይህን መልክ መዝግቦ ለማሽን ማስተማር ከሌላ አገር የተገኘ የመረጃ ክምችትን እንደገና ከመቀመር የበለጠ አዲስ ዕውቀት ያስገኛል።

ስለ ማሽን መማር ከተነሣ አይቀር በጥናቶች ማጠቃለያ ላይ የሚጻፈው «95 በመቶ ትክክለኛነት» ምን እንደሚሸፍን ማየት ይገባል። ከ1,000 ሌሊቶች በ10ሩ ብቻ በእርግጥ የሚያፈስ ሕንፃ ይታሰብ። ሥርዓቱ ከ10ሩ 9ኙን ይይዛል፤ ከቀሩት 990 ጤነኛ ሌሊቶች ደግሞ በ5 በመቶው በሐሰት ይደውላል፤ ይህም ወደ 50 ሌሊት ነው። አጠቃላይ ትክክለኛነቱ 95 በመቶ ያህል ይሆናል። ከደወለባቸው 59 ሌሊቶች ግን 50ዎቹ ከንቱ ናቸው፤ ጥበቃው ከስድስት ጊዜ አምስቱን በብርድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። በአንጻሩ ምንም ሳይለካ ሁልጊዜ «አይፈስም» የሚል ሣጥን በዚሁ ሕንፃ 99 በመቶ ትክክል ነው። በመቶኛው ብቻ ቢፈረድ ሣጥኑ ያሸንፋል። ስለዚህ የዚህ ዘርፍ ጥናት ሊመዘን የሚገባው «ከደወለባቸው ስንቱ እውነት ነበር?» በሚለው ነው፤ ጥበቃውም ሥርዓቱን የሚመዝነው በዚሁ ነው፤ አንድ ጊዜ «ውሸታም» ካለው ደግሞ ሽቦውን ይነቅለዋል።

የማንቂያው ባለቤት ጉዳይ ከሴንሰሩ ያልተናነሰ የምህንድስና ጥያቄ ነው። በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ቧንቧዎቿ የሚዘጉበትን «ዜሮ ቀን» እየቆጠረች ሳለ በመቶዎች በሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ፍሰቱን በየጊዜው የሚልክ ዘመናዊ ቆጣሪ ተገጥሞ ነበር። የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው ውጤቱ የመጣው ከቆጣሪው ብቻ አልነበረም። ቆጣሪው ከቀላል የቧንቧ ጥገና ጋር ተያይዟል፤ መረጃውም ለትምህርት ቤቶቹ ሰዎች በሚገባቸው መልክ ይደርሳቸው ነበር። በአዲስ አበባ ሕንፃ ደግሞ ሌሊት ያለው ሰው ጥበቃው ነው፤ ዋናውን ቫልቭ የት እንዳለ የሚያውቀው የቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ ለጥገና ገንዘብ የሚፈቅደው አስተዳዳሪው ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት መልእክት መላክ ለማንም አለመላክ ነው። ለጥበቃው አጭር የአማርኛ የጽሑፍ መልእክት፣ «የ3ኛ ፎቅ ወንዶች መጸዳጃ ቫልቭ ይዘጋ» የሚል፣ በተራ ስልክ ሊደርሰው ይገባል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ግራፍ ያለው ድረ ገጽ ለእሱ ምንም አይነግረውም። ፎቁን ለመለየት ደግሞ በየፎቁ መውረጃ ላይ ቫልቭ መኖር አለበት፤ በብዙ ነባር ሕንፃዎች ቫልቩ ወይ የለም፣ ወይ ከሴራሚኩ ጀርባ ተቀብሯል።

ሥርዓቱ ውኃውን በራሱ ይዝጋ የሚለው ሐሳብ ማራኪ ነው፤ እንደ አጠቃላይ ደንብ ግን ለአሁኑ መቀበል አይገባም። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ዝገትና ደለል ይዞ ስለሚመጣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ቫልቮች በቀላሉ ይደፈናሉ፤ መብራት ሲጠፋና ሲመጣም ቫልቩ በየትኛው ሁኔታ እንደሚቀር መታወቅ አለበት። ክሊኒክ ያለበትን ፎቅ ውኃ በሐሰት ማንቂያ መዝጋት ከማፍሰሱ የከፋ ጉዳት ነው፤ የእሳት ማጥፊያው መስመር ደግሞ ከማንኛውም አውቶማቲክ መዝጊያ ውጭ መሆን ይኖርበታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ልዩነት ማድረግ ይቻላል፤ የቢሮ ፎቆች የሕዝብ መጸዳጃ ሥራ ካበቃ በኋላ በሰዓት ቢዘጋ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሚድነው ውኃ ግን ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ባለቤቶች ለምን አይገጥሙትም? ምክንያቱ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። በብዙ ሕንፃዎች የውኃ ቢል በተከራዮች ላይ በካሬ ሜትር ይከፋፈላል፤ የሚያፈሰው የአንዱ መጸዳጃ፣ የሚከፍሉት ሁሉም ናቸው። የማጠራቀሚያው ውኃ ሲያልቅ የሚጠራው ቦቴ ሒሳብም እንዲሁ ይከፋፈላል። ባለቤቱ የማይሰማውን ጉዳት ለማቆም ገንዘብ እንዲያወጣ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ወጪውን የሚያየው ደግሞ ቫልቩን አያዝዝም። በየሌሊቱ የታንከሩን መውረድ የሚመዘግብ ሰሌዳ ሕንፃው መግቢያ ላይ ቢለጠፍ፣ ተከራዮቹ ምን ያህሉን ውኃ እንደተጠቀሙበትና ምን ያህሉ ማንም ሳይነካው እንደጠፋ ስለሚያዩ፣ ክርክሩ ከጥርጣሬ ወደ ቁጥር ይሸጋገራል። ከሕንፃው አጥር ውጭ ደግሞ በዚያው መስመር ላይ ፈረቃቸውን የሚጠብቁ መንደሮች አሉ፤ አንድ ማጠራቀሚያ የሚያፈስሰውን ለመተካት ከመስመሩ ሲስብ ግፊቱ የሚቀንሰው እነሱ ዘንድ ነው። የ65 ጀሪካኑ ሒሳብ የሚከፈለው እዚያ በወረፋ ነው።

አዲስ ለሚሠሩ ሕንፃዎች የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ለግንባታ ፈቃድ በሚቀርበው የውኃና ፍሳሽ ንድፍ ላይ በየፎቁ የሚደረስበት ቫልቭ፣ ከታንከሩ ሥር ለግፊት ሴንሰር የሚሆን አንድ ባለ ክዳን ቀዳዳ፣ በትርፍ ውኃ መውጫው ላይ የሽቦ መግቢያ፣ በፓምፑ መቆጣጠሪያ ላይ ደግሞ የሌሊት ማቆያ ሰዓት ቢሳል ወጪው ከአንድ የመታጠቢያ ክፍል ሴራሚክ አይበልጥም። ለነባሮቹ ሕንፃዎች ደግሞ ምንም ኤሌክትሮኒክስ ሳይገዛ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል፤ ጥበቃው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ፓምፑን ያጠፋል፤ በታንከሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ምልክት የተደረገበት ዘንግ ላይ ውኃው የደረሰበትን በእጅ ባትሪ አይቶ ይጽፋል፤ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ይጽፋል። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት በታንከሩ ስፋት ሲባዛ የሌሊቱን ኪሳራ በሊትር ይሰጣል። በዚህ ርእስ ላይ የሚጻፍ የመመረቂያ ጥናትም ሴንሰሩን ከመግጠሙ በፊት የአንድ ወር የዘንግ መዝገብ ከአሥር ሕንፃዎች ቢሰበስብ፣ በኋላ የሚያቀርበውን ስልተ ቀመር የሚፈትንበት እውነተኛ መረጃ ይኖረዋል።